አስታራቂት፣ ከመስኮቱ ወዲያ

አንድ አገር ነበረ። ስሙን የማልጠራው ረስቼው አይደለም። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ስሙን በሰው ፊት ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ስለ ነበር፣ እኔም ልማዳቸውን ላክብር ብዬ ነው።

በዚያ አገር፣ ከአንድ ተራራ ሥር በምትፈልቅ አንዲት ምንጭ የሚተዳደሩ ሁለት መንደሮች ነበሩ። ለምንጩ የቀረበው ራስጌ ይባላል፤ ከእርሱ በታች ሜዳው ላይ ያረፈው ደግሞ ግርጌ። የራስጌ ሰዎች ሽንኩርት ያለማሉ፤ የግርጌ ሰዎች በርበሬ። ውኃው ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ የጥንቶቹ ሰዎች ልክ አበጁለት።

ልኩም እንዲህ ነበረ። ቦዩ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ውኃ የሞላ የድንጋይ ገንዳ አለ። ፀሐይ ብቅ ስትል የውኃው ዳኛ ሥሯ የተበሳ አንዲት የመዳብ ጣሳ በገንዳው ላይ ያንሳፍፋል። ጣሳዋ በቀዳዳዋ ውኃ እየሳበች ቀስ በቀስ ትከብድና በመጨረሻ ትሰጥማለች። እስክትሰጥም ድረስ ውኃው የራስጌ ነው። ከሰጠመች በኋላ ዳኛው የቦዩን ሳንቃ ያዞራል፤ እስከ ፀሐይ ግባትም ውኃው የግርጌ ይሆናል። ሌሊቱ የወንዙና የአራዊቱ ድርሻ ነው። ያችን ጣሳ አስታራቂት ይሏታል። በአፏ ዙሪያ ሁለት ዓሣዎች አፍ ለአፍ ገጥመው ተቀርጸውባታል። አንደኛው የራስጌ፣ ሁለተኛው የግርጌ ነው ይባላል፤ የትኛው የየትኛው እንደ ሆነ ግን ቀራጩ ሳይናገር ሞተ፤ በዚህም ብዙ ጠብ አስቀረ።

ዳኛውም የራሱ ሕግ ነበረበት። ጣሳዋ ስትንሳፈፍ እርሱ ባዶ እግሩን ቦዩ ውስጥ ይቆማል። አይቀመጥም፤ አይበላም፤ አይጠጣም፤ ዓይኑንም ከእርስዋ ላይ አያነሣም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ዳኛ ሲመቸው ምን እንደሚሆን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ደግሞም ጣሳዋ ሳትሰጥም ሳንቃውን ማዞር፣ ፀሐይ ብትጠልቅ እንኳ፣ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ያልሰጠመች ጣሳ ያልተቋጨ ፍርድ ናትና። አስታራቂት ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ትሰጥም ስለ ነበር ግን በዚህ ሕግ የተጎዳ ዳኛ አልነበረም።

አንድ ዘመን ከባሕር ማዶ ጦር መጣ። ጦሩ በመጣበት ሲመለስ የአገሩን ዕቃ ሁሉ ጭኖ ሄደ። ዘውዱንም፣ ኮርቻውንም፣ የሸማኔውን መወርወሪያም፣ አስታራቂትንም። ዕቃዎቹ እዚህ ቢቀሩ ሊጎዱ ይችላሉ ተብሎ ነው። ራስጌዎች በአስታራቂት ምትክ አንዲት የተበሳች ቅል አቀረቡ፤ ለጊዜው ነው ተባለ። ጊዜው ረዘመ። ቅሏም በየዓመቱ የመስጠሚያ ሰዓቷን እያራቀች ሄደች። በመጀመሪያ ቀትር ላይ ትሰጥም ነበር፤ በኋላ ከብቶች ከተሰማሩበት ሲመለሱ መስጠም ጀመረች። ዳኛውም ይህን ያህል ጊዜ መቆም አልሆነላቸውምና ለወገባቸው ተብሎ በርጩማ ተፈቀደላቸው። ቀጥሎ ለበርጩማው ጥላ ተፈቀደ፤ ቀጥሎም ከጥላው ሥር ቁርስ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ከባሕር ማዶ ያለው አገር አንድ ትልቅ ስጦታ ላከ። ቁመቱ ሰው የሚያክል መስታወት ነበረ። አንድ ቃል ሲጻፍበት፣ ማዶ ባለው ታላቅ የዕቃ ቤት ከተቀመጡት ነገሮች መካከል በዚያ ቃል የተመዘገቡት ሁሉ ምስላቸው ይመጣል። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር መለኪያ ዘንግ ተጋድሟል፤ ከዘንጉ ሥር ደግሞ ጠባቂዎቹ የጻፉት መግለጫ ይነበባል። ከስጦታው ጋር የመጣው መልእክት አጭር ነበረ። ዕቃዎቹን ማንቀሳቀስ ለጤናቸው እንደማይበጅ የማዶው ሊቃውንት አረጋግጠዋል፤ ስለዚህ ዕቃውን ባይመልሱም ማየቱን መልሰዋል።

በአገሩ ታላቅ ደስታ ሆነ። ንጉሡም አዋጅ አስነገሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ስለ ዕቃዎቹ ሲናገር «ተወሰደብን» እንዳይል፤ «ይታይልናል» ይበል። መስታወቱ መስኮት ተባለ፤ መስኮቱ የተተከለበት አዳራሽ የመስኮት ቤት ተባለ፤ የቤቱ ሹምም ሊቀ መስኮት ተባሉ። ሊቀ መስኮት ይርዳው ረዥም፣ ንጹሕ፣ ሲራመዱ ድምፅ የማይሰማባቸው ሰው ነበሩ። መስታወቱን የሚነኩት በነጭ የእጅ ሹራብ ነበር። ዕቃዎቹ ባሕር ማዶ ሆነው ሳለ የሚቆሽሸው ምን እንደ ሆነ አንድ ሰው ቢጠይቃቸው፣ ሹራቡ ከስጦታው ጋር አብሮ የመጣ መሆኑን ነገሩት።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ።

በግርጌ ወይዘሮ ደብሪቱ የምትባል የበርበሬ ገበሬ ነበረች። መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ናት። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዳ ቆማ ታለቅሳለች እየተባለች ትታማ ነበር። እርሻዋ የራስጌን ወሰን ተከትሎ የተዘረጋ ነበርና ጎረቤቷ ፈለቀ የሚባለው የራስጌ ሰው ነው። በአገሩ ሕግ ሁለት በጋ በተከታታይ ውኃ ያልጠጣ መሬት ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል፤ የሚረከበውም ወሰንተኛው ነው። የደብሪቱ መሬት አንዱን በጋ ደርቆ አልፏል። ሁለተኛው በጋ ተጀምሯል። ችግኟ ከመደቡ ላይ አንገቱን ደፍቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቅሏ ገና እየተንሳፈፈች ሳለ ደብሪቱ ገንዳው ዘንድ መጣች። ዳኛ ጓንጉል ከጥላቸው ሥር ተቀምጠው ነበር። የቅሏ ቀዳዳ በሰም እየተጠበበ መሆኑን በሰዉ ሁሉ ፊት ተናገረች። ፈለቀ ሳቀ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ማንም አላጠበበውም። ቅል ሲያረጅ ይኮማተራል፤ እንደኛው ነው።»

«እኛስ ስናረጅ የምንኮማተረው በሆድ ነው፣ አያ ፈለቀ። ያንተን ግን በየዓመቱ ሲሰፋ አያለሁ።»

የግርጌ ሰዎች ሳቁ፤ ከራስጌዎችም ፊቱን አዙሮ የሳቀ ነበረ። ፈለቀ ግን የሚቆጣ ሰው አይደለም፤ የሚያስብ ሰው ነው። ቅሏ ካልታመነች አስታራቂትን ራሷን እንደሚቀበል፣ ደብሪቱ ከመስኮቱ ፈልጋ ካሳየቻቸው ቀጥቃጭ በምስሉ ልክ ግልባጯን እንዲሠራ፣ ሁሉም በዚያ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረበ። ይህን ሲል መቼም እንደማታገኛት እርግጠኛ ነበረ። እስከዚያ ድረስ አንድም የሁለቱ መንደሮች ሰው የራሱን ነገር በመስኮቱ ፈልጎ አግኝቶ አያውቅምና።

ደብሪቱ በዚያው ቃል ታስረው እንዲማሉ ጠየቀች። ማሐላውን ያዘጋጀችውም እርስዋ ናት፤ ፈለቀ በኋላ እንዳያመልጥ ቃሉን አጥብቃ ሠራችው። መስኮቱ የሚያሳያት አስታራቂት፣ ቀዳዳዋ ቢሰፋም ቢጠብም፣ የሁለቱ መንደሮች ልክ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ጣሳ የለም፤ የዳኛውም ሕግ እንደ ጥንቱ ይጸናል። ሁሉም እጁን ገንዳው ውስጥ ነክሮ ማለ። ዳኛ ጓንጉልም ማሉ፤ የመጨረሻውን ሐረግ በደንብ ያዳመጡት ግን አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የደብሪቱ ኑሮ መንገድ ሆነ። ማለዳ ትነሣለች፤ ለችግኟ ከጉድጓድ በእንስራ ቀድታ ትረጫለች፤ ከዚያ ወደ ከተማው ትሮጣለች። የመስኮት ቤት ሥርዓት ደግሞ የሚያስሮጥ አልነበረም። ገቢው ሁሉ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ አንድ ቃል ብቻ ይጠይቃል፤ ቃሉ ካልሠራለት ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል። ምስል ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ ይነሣል፤ ምስሉ እስኪያልፍ ድረስም ይቆማል። መደገፍ፣ መጠቆም፣ መቃተት ክልክል ነው። ደብሪቱ ግን በእግሮቿ ተራ እየተለዋወጠች ትቆም ስለ ነበር የበሩ ዘበኛ ወለሉን ታደክመዋለች ብሎ ከሰሳት።

የመጀመሪያ ቃሏ አስታራቂት ነበረ። ሊቀ መስኮቱ በነጭ ጣታቸው ጻፉት። መስኮቱ ባዶ ሆነ። በዚያ ስም የተመዘገበ ነገር በማዶው አገር እንደሌለ በትሕትና ነገሯት።

ወደ ጭራው ተመለሰች። ጣሳ ስትል ብዙ ጣሳ መጣ፤ ሁለት ዓሣ ያለው ግን አልነበረም። ቀጥሎ ወጭት አለች፤ ቀጥሎ ዋንጫ፤ ቀጥሎ መዳብ። በሌላ ቀን ውኃ አለች፤ ባሕርና መርከብ መጣባት። በመካከሉ የሌሎችን ዕቃ ታያለች። አንድ የቅቤ መናጫ ቅል መጣ፤ ከሥሩ «የጦር ከበሮ» ተብሎ ተጽፏል። የወፍጮ መጅ መጣ፤ «የመሥዋዕት ድንጋይ፣ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። የሸማኔ መወርወሪያም «የልጅ ጀልባ» ሆኗል። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ መወርወሪያውን ሲያይ ሥርዓቱን ረሳና፣ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ደኅንነቱን ጠየቀው። ሊቀ መስኮቱ ምስሉን አሳለፉት። ሽማግሌው እንደ ቆመ ቀረ፤ ከኋላው የነበሩት ሰዎች በዝምታ ዞረውት አለፉ።

እንዲህ እየተመላለሰች ሳለ ችግኟ ከታች ጀምሮ መወየብ ያዘ። ፈለቀ በወሰኑ ላይ ሲመላለስ ታየዋለች። አንድ ጊዜ ዘንግ ይዞ መሬቷን በዓይኑ ሲለካ አገኘችውና ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። የእርሱ ዘንግ ጠፍቶበት እየፈለገ መሆኑን፣ በእጁ የያዘው የወንድሙ መሆኑን ነገራት።

በመጨረሻ የረዳት የሊቀ መስኮቱ ኩራት ነው። አንድ ቀን አዳራሹ ጭር ባለ ጊዜ ስለ ማዶዎቹ ጠባቂዎች ጥበብ ሊነግሯት ፈለጉ። እነዚያ ሊቃውንት ጥቅሙን ያላወቁት ዕቃ ሲገጥማቸው እንኳ አይጨነቁም አሏት፤ ሻካራ ከሆነ ለአምልኮ፣ ያማረ ከሆነ ለንጉሥ ብለው ይመዘግቡታል። ደብሪቱ ይህን ሰምታ ሰልፍ ወደሌለበት የሰልፍ ጭራ ሄደች፤ ተመልሳም ከፊታቸው ቆመች።

«ንጉሥ ብለው ይጻፉልኝ፣ ጌታዬ።»

ንጉሥ ተጻፈ። ዙፋን መጣ፤ ካባ መጣ፤ ከማንም ገበሬ ቤት የማይጠፋ የማር ቀንድ መጣ። ከዚያ አንዲት የመዳብ ጣሳ መጣች። በአፏ ዙሪያ ሁለት ዓሣዎች አፍ ለአፍ ገጥመዋል። ከሥሯ «የንጉሥ መጠጫ፤ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» የሚል ተጽፎ ነበረ።

ደብሪቱ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ወለሉ ላይ።

ይሁን እንጂ መስኮቱ የሚያሳየው የዕቃውን ፊት ብቻ ነበር። ጀርባውን ለማየት ማዶ ድረስ ተልኮ የሚመጣ የጀርባ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥሯን ለማየት ስትጠይቅ ደግሞ ሊቀ መስኮቱ ፊታቸው ቀላ። መስኮቱ ከተተከለ ጀምሮ የማንንም ዕቃ ሥር ልይ ያለ ሰው እንደሌለ፣ ነገሩም ለዕቃው ክብር እንደማይመች ገለጹ። እርስዋም ለዳኝነት መሆኑን፣ የሁለት መንደሮች ማሐላ ያለበት መሆኑን እየደጋገመች ነገረቻቸው፤ እስኪሰለቻቸውም ድረስ ከደጃፋቸው አልጠፋችም። ጥያቄዋ ተላከ። መልሱ ሲመጣ ማዶዎቹ በደስታ ፈቅደዋል፤ እንዲያውም የጣሳዋ ሥር የቤታቸው ኩራት መሆኑን ጨምረው ጽፈዋል። ይህ የመጨረሻው ቃል ደብሪቱን ትንሽ ከነከናት፤ ግን የደስታዋ ቀን ነበረና አልቆመችበትም።

በተቀጠረው ቀን ዳኛ ጓንጉል፣ ፈለቀ፣ ቀጥቃጩና ከሁለቱም መንደሮች የተመረጡ ሰዎች በመስኮቱ ፊት ቆሙ። ፈለቀ ፊቱ ገርጥቷል። አስታራቂት መጣች። ሊቀ መስኮቱ ጣታቸውን ሲያንሸራትቱ ቀስ ብላ ዞረች፤ ጎኗ አለፈ፤ ሥሯ ተገለጠ።

ሥሯ ድፍን ነበረ። እንደ ሙሉ ጨረቃ ለስልሶ ያበራል። መካከሉ ከዳሩ አይለይም።

ሊቀ መስኮቱ መግለጫውን ጮክ ብለው አነበቡ። መጠጫው ማዶ በደረሰ ጊዜ ሥሩ ላይ ክፉ ጉዳት ነበረበት፤ ጉዳቱ በታላቅ ጥበብና በብዙ ድካም ተጠግኗል፤ ዛሬ የት እንደ ነበረ እንኳ አይታወቅም። አንብበው ሲጨርሱ ነጭ እጃቸውን አጨበጨቡ። ከእርሳቸው በቀር ያጨበጨበ አልነበረም።

ደብሪቱ ወደ መስታወቱ አንድ እርምጃ ቀረበች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበረ።

«ጉዳት አይደለም፣ ጌታዬ። እርስዋ ማለት ቀዳዳዋ ናት። መዳቡማ ማንም ቤት አለ።»

ከጥገናው በፊት የነበረው ምስል እንዲታይላት ለመነች። ሊቀ መስኮቱ ያ ምስል ዕቃውን ስለማያስከብር ከመዝገቡ መነሣቱን ነገሯት። ፈለቀ ያን ጊዜ ነው መልኩ የተመለሰለት። ወደ ዳኛው ዞሮ፣ ማሐላው ቀዳዳዋ ቢሰፋም ቢጠብም የሚል መሆኑን አስታወሰ። እንግዲህ እንደሚታየው ጠቧል፤ ከዚህ በላይ ሊጠብ እስከማይችል ድረስ ጠቧል። ድፍን ጣሳ ደግሞ አትሰጥምም። ስለዚህ ውኃው የራስጌ ነው።

ዳኛ ጓንጉል አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡበት። ማሐላ ማሐላ ነው አሉ። ቀጥቃጩ መስኮቱ ያሳየውን እንዲሠራ አዘዙ፤ ጣሳዋ በማግስቱ ማለዳ እንድትንሳፈፍም ወሰኑ።

ወደ ግርጌ ሲመለሱ ደብሪቱን ያናገራት ሰው አልነበረም። ማሐላውን አጥብቃ የሠራችው እርስዋ ናትና የመንደሩ ሰዎች ዕቃቸውን ስለ መጠቅለል እየተነጋገሩ ከፊቷ ከፊቷ ይሄዱ ነበር። እርስዋ ግን ማሐላውን በልቧ ትደግመው ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐረግ፣ እንደገናም ከመጀመሪያው። መንደሩ ሲደርሱ እርምጃዋ ፈጥኖ ሁሉንም ቀድማቸው ነበር።

ማለዳ ድፍኗ ጣሳ ገንዳው ላይ ተቀመጠች። ውኃው ወደ ራስጌ ሄደ። ዳኛ ጓንጉል እንደ ልማዳቸው ወደ በርጩማቸው ሲያፈገፍጉ በርጩማው በቦታው አልነበረም። ደብሪቱ አንሥታው በራስዋ ላይ ተሸክማ ቆማለች። ከኋላዋ የግርጌ ሰው በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በቦዩ ዳር ተደርድሯል።

«የዳኛውም ሕግ እንደ ጥንቱ ይጸናል ብለን ምለናል። እርስዎም እጅዎን ነክረዋል፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ወደ ፈለቀ አዩ። ፈለቀም የራስጌ ውኃ የሚጸናው በዚያው ማሐላ መሆኑን አሰበና ሕጉ ይከበር አለ። ዳኛ ጓንጉል ጫማቸውን አውልቀው፣ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቦዩ ውስጥ ገቡ። የበረዶ ያህል የሚቀዘቅዝ የምንጭ ውኃ ነው።

እስከ ቀትር ድረስ ደኅና ነበሩ። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ አናታቸውን፣ ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን ያዛቸው። አንድ ዘመዳቸው እንጀራ ጠቅልሎ ሲጠጋ ደብሪቱ መንገዱ ላይ ቆመችና ዳኛው እየዳኙ ስለ ሆነ እንዳይረበሹ በጨዋ ደንብ ለመነችው። ውኃ በቅል ይዞ የመጣም ነበር፤ እርሱንም እንዲሁ መለሰችው። የተጠማ ሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ ውኃ ሲከለከል ማየት ለማንም ደስ አይልም፤ ለእርስዋም ደስ አላላትም። ግን ከራስዋ ላይ በርጩማውን አላወረደችም።

ፀሐይ ገባች። ሳንቃው መዞር፣ ውኃውም ወደ ወንዙ መሄድ ነበረበት። ጣሳዋ ግን አልሰጠመችም፤ ፍርዱም አልተቋጨም። ውኃው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ራስጌ ይወርድ ጀመር። የራስጌ ሰዎች በመጀመሪያ ቦታ ቦታ ቦይ እየቀደዱ ተቀበሉት፤ በኋላ መቀበል አቃታቸው። ሲነጋ የሽንኩርቱ መደብ ሁሉ ኩሬ ሆኖ አደረ፤ ሽንኩርቱም ከሥሩ እየተነቀለ ይንሳፈፋል። የፈለቀ የግቢ ካብ ተንዶ ጎተራው ውኃ ገብቶበታል። ፈለቀ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ወደ ገንዳው መጣ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ በልጆችሽ ይዤሻለሁ፤ ሳንቃው ይዙር።»

«ጣሳዋ መች ሰጠመች፣ አያ ፈለቀ? ውኃው የእናንተ ነው። ጠጡት።»

ፈለቀ ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛ ጓንጉል ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ዓይናቸው ግን አሁንም ጣሳዋ ላይ ነው። እርስዋ በገንዳው መካከል ቀስ ብላ እየዞረች፣ ሁለቱን ዓሣዎቿን ተራ በተራ ታሳያቸዋለች። ፈለቀ አንገቱን ደፋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ የተናገረውም ያን ጊዜ ነው።

«ይብሷት፣ ጌታዬ።»

ዳኛው የዘንጋቸውን የብረት ጫፍ አንሥተው ባላቸው ኃይል ሁሉ ወጓት። ጣሳዋ አንድ ጊዜ ጮኸችና ሰጠመች። ከራስጌም ከግርጌም የተሰበሰበው ሰው አብሮ ተነፈሰ። ዳኛው ሳንቃውን ማዞራቸውን ዘነጉ፤ ቦዩ ውስጥ በጉልበታቸው ወድቀው እየጠጡ ነበርና ሳንቃውን ያዞሩት ደብሪቱና ፈለቀ ናቸው። ውኃው ወደ ግርጌ ሲወርድ ደብሪቱ ከፊቱ ከፊቱ ትሮጥ ነበር። የበርበሬዋ መደብ ጠጣ፤ መሬቷም ሁለተኛውን በጋ ባለቤት ያለው ሆኖ አለፈ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። አላለቀም። ማሐላው አልፈረሰምና ቀጥቃጩ በየማታው ጣሳዋን እንደ መስኮቱ አድርጎ ይደፍናታል፤ ዳኛውም በየቀኑ መቆም ሲያቅታቸው ይወጓታል። ዳኛው በጠገቡ ቀን ውኃው ለራስጌ ይረዝማል፤ በተራቡ ቀን ለግርጌ ይፈጥናል። ይህን ያወቁ የራስጌ ሰዎች ጎሕ ሳይቀድ ገንፎ በቅቤ ይዘው ዳኛው ቤት ይደርሳሉ። የግርጌ ሰዎች በበኩላቸው ማታ ማታ ለእራት ይጠሯቸውና ከራሳቸው በርበሬ በተሠራ ወጥ ያስተናግዷቸዋል፤ እንዲህ ያደረ ሰው ማለዳ ውኃ ውስጥ ብዙ መቆም አይችልምና። ዳኛ ጓንጉል ወፈሩ። የአንድ አገር ውኃ ልክ የአንድ ሰው ሆድ ሆነ። ይህን ግን በአደባባይ የተናገረ የለም፤ አዋጅ ባይከለክለውም አፍ ዝም ማለትን ለምዷል።

ደብሪቱ ወደ መስኮት ቤት መመላለሷን አልተወችም። ጠባቂዎቹ ጥገናውን እንዲፈቱት ልመና አስልካ ነበር። ማዶዎቹ ስለ አስተያየቷ አመስግነው፣ በመግለጫው ላይ አንድ ሐረግ ጨመሩ፤ «መጠጫው በአገሩ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ እጅግ የተወደደ ነው» የሚል። ይህን ባነበበች ቀን የጣሳዋ ሥር እስኪዞር ጠበቀች። ወደ መስታወቱ ቀረበች፤ ባዶ ጣቷን አነሣች፤ ከጣሳዋ ሥር መካከል ላይ፣ ቀዳዳዋ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ጫነችው። ዘበኛው እስኪደርስባት ድረስ እንደ ጫነች ቆየች። ስትወጣ ምስሉ ላይ አንድ ትንሽ ክብ አሻራ ቀረ። ሊቀ መስኮቱ በነጩ ሹራባቸው ወለወሉት።

በማግስቱ ሌላ አሻራ ነበር። የግርጌ ሰዎች እየመጡ ንጉሥ ያስጽፋሉ፤ ጣሳዋ ስትዞር ጣታቸውን ጭነው ይወጣሉ። ብዙም ሳይቆይ የራስጌ ሰዎችም መጡ፤ ለዳኛው ገንፎ ማድረስ ሰልችቷቸዋል። አንድ ቀን ፈለቀ ራሱ በሰልፉ ውስጥ ታየ። ደብሪቱ ከፊቱ ነበረች፤ ተራዋን ለቀቀችለት። ያ ሽማግሌ ሸማኔም የእርሱ መወርወሪያ ሌላ ቦታ ቢሆንም ጣቱን እዚያው ላይ ይጭናል።

ሊቀ መስኮት ይርዳው በየማለዳው ይወለውሉታል። አጥብቀው ነው የሚወለውሉት፤ ከወለወሉም በኋላ እንደገና ይወለውላሉ። አሁን በቅርቡ መስታወቱ በዚያ በአንዱ ቦታ ላይ እየሳሳ መምጣቱን ሰዎች ይናገራሉ። እርሳቸው ግን ቆመው ይወለውላሉ፤ ሰልፉም ከበሩ አልፎ አደባባዩን ዞሯል፤ ደብሪቱም ከእግር ወደ እግር እየተለዋወጠች ተራዋን ትጠብቃለች።